አሞራ ቢመታችሁ ቤት አትቅሩ
ወፎች በቢሉ ሴንተርና በሰፈራችን ሰው ላይ ለምን ይወርዳሉ? ምንስ እናድርግ?



የዛሬው ትምህርታችን እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ቢቱዋህ ለኡሚ አይደለም፣ ስለ ደም ግፊትም አይደለም። ስለ ወፍ ነው፤ ከላይ መጥቶ ራስ ስለሚመታ፣ ከእጅ ላይ ምግብ ስለሚነጥቅ ወፍ። "ይሄ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የሪቫሃ ሥራ ሆነ?" እንዳትሉኝ፣ ሥራችን የሆነበትን ምክንያት በመጀመሪያ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ከሞዓዶናችን ቀርተው የማያውቁ አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠፉብን። ስደውልላቸው "ጉልበቴን አሞኛል" ይሉኛል። ልጃቸውም እውነት መስሏት የጉልበት ቅባት ገዝታላቸዋለች። አንድ ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ነገሩን አወጡት።

ቢሉ ሴንተር ዕቃ ሊገዙ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ባሉት ዛፎች ሥር ሲያልፉ፣ ከኋላ አንድ ነገር መጥቶ አናታቸውን መታቸው። ዞር ሲሉ ማንም የለም። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ደገማቸው። ሻሻቸው ወደቀ፣ ቲማቲሙ ተበተነ፣ እሳቸውም ሊወድቁ ሲሉ የቆመ መኪና ይዘው ተረፉ።

"አሞራ መታኝ" አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጎንደር ያለው ወንድሜ ታሟል። ይሄ ነገር ደህና አይመስለኝም" አሉ። ለልጆቻቸው ያልነገሩት "እማማ መቃዠት ጀመረች" እንዳይሏቸው ፈርተው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሕንፃው በር አልወጡም። ዳቦና ወተት የምታመጣላቸው ጎረቤት ነበረች።

ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። የጻፍኩት እሳቸው ብቻ ስላልሆኑ ነው። ሞዓዶን ውስጥ ነገሩን ሳነሣ ሌሎችም "እኔንም እኮ መታኝ" አሉ። እያንዳንዱ ለብቻው የደረሰበት መስሎት ዝም ብሎ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ እዚህ አገር ነው የተወለድኩት፣ አማርኛዬም የቤት አማርኛ ነው። ለእኔ የሚበር ሁሉ "ወፍ" ነው። እኒያ እናት ይህን ሲሰሙ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "ዶሮም ወፍ፣ ንስርም ወፍ? ምን ዓይነት ትምህርት ነው የተማርሽው?" አሉኝ። ከዚያ ጭላትን ከንስር፣ ንስርን ከጥንብ አንሳ እንዴት እንደሚለዩ አስተማሩኝ። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግማሹ የእናንተው ዕውቀት ነው፤ እኔ የጨመርኩት እዚህ አገር ያለውን ብቻ ነው።

የመታቸው ማን ነው?

"መልኩ ምን ይመስላል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ሰውነቱ አመድማ ነው፤ ራሱ፣ ክንፉና ጭራው ጥቁር" አሉኝ። ይህ አሞራ ሳይሆን ቁራ ነው። በዕብራይስጥ "ኦሬቭ አፎር" ይባላል፣ ግራጫ ቁራ ማለት ነው። እናንተ ጎንደር የምታውቁት ትልቁ ቁራ ሌላ ነው፤ እሱ ጥቁር ሆኖ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፣ ምንቃሩም ወፍራም ነው። ግራጫውን ቁራ እዚያ ስላላዩት አሞራ መስሏቸዋል፤ አይፈረድባቸውም።

በትክክል ከተናገርን አዳኝ አሞራ የምንለው እንደ ንስር፣ ጭላት፣ ጉጉት ያለውን ነው። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ጥፍሩ የሚይዝ። ቁራ እንደዚህ ዓይነት ጥፍር የለውም። ነገር ግን ቁራም ሆነ ጭላት፣ ሰው ላይ ሲወርድ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ ጫጩቱን እየጠበቀ ነው፣ ወይ ምግባችሁን ፈልጎ ነው። ይህን ከያዛችሁ የዛሬውን ትምህርት ጨርሳችኋል ማለት ይቻላል። የቀረው ዝርዝሩ ነው።

አንደኛው ምክንያት፦ ጫጩት

ጫጩት ያላት ዶሮ ምን እንደምታደርግ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሌላ ጊዜ ከሰው እግር ሥር የምትሸሽ ዶሮ፣ ጫጩት ስትፈለፍል ውሻ ታባርራለች፣ ልጅ ትነክሳለች። ጠባይዋ ተበላሽቶ አይደለም። እናት ሆና ነው።

ቁራም እንደዚሁ ነው። እዚህ አገር በክረምቱ መጨረሻ ጎጆውን ረጅም ዛፍ ላይ ይሠራል። እናቲቱ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ እንቁላሏን ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ አንድ ወር አካባቢ ጎጆ ውስጥ ይቆያሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጫጩቱ በደንብ መብረር ሳይችል ከጎጆው ይወጣል። ጥቂት ቀን መሬት ላይ፣ ቁጥቋጦ ሥር፣ አጥር ላይ ይቆያል። እናትና አባቱ ከላይ ሆነው ይጠብቁታል፣ ያበሉታል። ሰው ወይም ድመት ሲቀርብ ይጮኻሉ፤ ካልሸሸ ይወርዳሉ።

እኒያ እናት ሲያልፉ ምናልባት ጫጩቱ ከእግራቸው ሁለት ሜትር ርቆ ነበር፤ እሳቸው አላዩትም። ወላጆቹ ግን እሳቸውንም፣ በእጃቸው የሚወዛወዘውንም ከረጢት አይተዋል።

ጊዜውን አስታውሱ። ከማርች እስከ ጁን ነው፤ በተለይ ከፋሲካ ጀምሮ ሻቩኦት እስኪያልፍ። አንድ ቦታ ላይ ያለው ችግር ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንት አይበልጥም። ጫጩቱ መብረር ሲችል ያ ዛፍ እንደ ማንኛውም ዛፍ ይሆናል።

ሁልጊዜ ከኋላ የሚመጣውም በምክንያት ነው። ወፉ እናንተን ይፈራል። እሱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ እናንተ ከእሱ መቶ እጥፍ ትበልጣላችሁ። ስለዚህ ፊታችሁን ሲያዞሩ ይጠብቃል። ፊት ለፊት ካያችሁት ብዙውን ጊዜ አይደፍርም።

ሁለተኛው ምክንያት፦ ምግብ

አዲስ አበባ የኖራችሁ ጭላትን (አንዳንዶቻችሁ ጭልፊት የምትሉትን) ታስታውሳላችሁ። ከሥጋ ቤት የተገዛ ሥጋ ሳይሸፈን ከተያዘ አለቀለት። ጓሮ የተሰጣ ቋንጣም ጠባቂ ይፈልጋል። ጭላቱ ከላይ ያያል፣ ይወርዳል፣ በጥፍሩ ይዞ ይሄዳል። አንዳንዴ ጥፍሩ እጅ ይጭራል፤ ግን የሚፈልገው ሥጋውን ነው እንጂ እጁን አይደለም።

በዚህ ጉዳይ በጣም የታወቀው ታሪክ የተፈጸመው እናንተ በምታውቁት ቦታ ነው፦ ሊማሊሞ ላይ። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1770 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲሄድ ሊማሊሞን ወጣ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ያለ ነገር ይተርካል። አሽከሮቹ ዳገቱን ጨርሰው ሜዳ ላይ ተቀምጠው የፍየል ሥጋ ይበላሉ። አንድ ግዙፍ አሞራ መሬት መሬቱን ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ መጣና፣ ሰዎቹ ክብ ሠርተው ከተቀመጡበት መሀል ገባ። ሰዎቹ ጮኹ፣ ጦርና ጋሻ ለማምጣት ሮጡ። አሞራው እግሩን ውሃው ውስጥ ወዳለው ሥጋ ሰደደ፤ ሲያቃጥለው ተወው። ከዚያ ገበታው ላይ የነበሩ ሁለት ትልልቅ ብልቶችን በሁለት እግሩ ይዞ እንደ አመጣጡ ቀስ ብሎ ሄደ። ቆይቶ ለቀረው ሥጋ ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ በጠመንጃ መታው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ 2 ሜትር ተኩል ሆነ። የአገሩ ሰው "ንስር ወርቅ" እንደሚለውም ጽፏል። ይህ ወፍ ያ አጥንት ከሰማይ ወደ አለት እየጣለ ሰብሮ የሚበላው፣ አገጩ ላይ ጢም ያለው አሞራ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ክንፉ 2 ሜትር ተኩል የሆነ አሞራ ሰዎች መሀል ተቀመጠ። ከሰዎቹ አንዱን እንኳ አልነካም። ሥጋውን ወስዶ ሄደ።

ዛሬም ቢሆን በሌላው ዓለም ነገሩ ያው ነው። ጃፓን ውስጥ ካማኩራ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። እዚያ ጭላቶች ከጎብኚዎች እጅ ሳንድዊችና አይስክሬም ይነጥቃሉ፤ ከተማዋም ሰው ምግቡን እንዲጠብቅ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ሰቅላለች። ጭላቱ እኛም ዘንድ ካለው ጋር አንድ ዘር ነው። እዚህ "ዳያ" ይባላል፤ በክረምት በብዙ ሺህ ሆኖ እስራኤል ይከርማል፣ ቆሻሻ መጣያ ባለበት ይሰበሰባል።

ቢሉ ሴንተር ደግሞ ሜዳ ላይ የተሠራ ገበያ ነው። ሰው ውጭ ተቀምጦ ይበላል፣ ፍርፋሪ ይወድቃል፣ የቆሻሻ ዕቃው ይሞላል። ቁራ፣ እርግብና ሌሎችም ወፎች ይህን ያውቃሉ። አንዳንዶቻችን ደግሞ አዝነን ዳቦ እንቆርስላቸዋለን። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ወፍ ነገ ሳይሰጡት ይወስዳል። ስለዚህ ደግነታችሁ ለእሱም ለሰውም አይበጅም።

ሌሎቹ አዳኝ አሞራዎችስ?

በሰፈራችን ሕንፃዎች ላይ የምታዩት ትንሹ ጭልፊት "ባዝ" ይባላል። ክብደቱ 200 ግራም አካባቢ ነው። መስኮት ጫፍ ላይ፣ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ እንቁላል ሊጥል ይችላል። ቀርባችሁ ካልነካካችሁት አይነካችሁም፤ አይጥና ትልልቅ አንበጣ ይበላላችኋል።

ጉጉትም አለ። "ቲንሼሜት" የሚባለው፣ ፊቱ ነጭና ልብ የሚመስለው ጉጉት የገበሬ ወዳጅ ነው። በቤት ሼአን አካባቢ ያለው ኪቡጽ ስዴ ኤሊያሁ ከ1983 ጀምሮ ለጉጉቶች የእንጨት ሳጥን እየሰቀለ አይጥ በመርዝ ፈንታ በጉጉት ማጥፋት ጀመረ፤ ዛሬ በአገሪቱ በሺህ የሚቆጠር ሳጥን አለ። ምክንያትም ነበራቸው። በ1950ዎቹ አይጥ ለመግደል እርሻ ላይ የተጣለው መርዝ፣ አይጦቹን የበሉትን አዳኝ አሞራዎች ጨርሷቸው ነበር።

ሰው ላይ እየመላለሰ የሚወርድ አዳኝ አሞራ ብርቅ ነው፤ ሲገኝ በዓለም ዜና ይነገራል። በ2025 እንግሊዝ አገር ፍላምስቴድ በምትባል መንደር አንድ ጭልፊት ለሳምንታት ሰው ራስ ላይ እያረፈ አስቸገረ፤ በተለይ ረጃጅም ወንዶችን ነበር የሚመርጠው። መጨረሻው ምን ሆነ? አንድ ነዋሪ በወጥመድ ያዘው፣ ባለሙያ ወሰደው፣ ሰውም ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ምን እናድርግ?

ጫጩት የሚጠብቅ ወፍ ሲያጋጥማችሁ፦

1. መንገድ ቀይሩ። ያን ዛፍ ለጥቂት ሳምንት ተዉለት። በሌላኛው የእግረኛ መንገድ መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ይህ መሸነፍ አይደለም፤ አራስ ቤት በር ላይ ድምፅ እንደ መቀነስ ቁጠሩት።

2. አትሩጡ። ዋናው ነገር ይህ ነው። የቁራ ምንቃር ቢበዛ ቆዳ ይጭራል። መውደቅ ግን ዳሌ ይሰብራል። ቁሙ፣ ግድግዳ ወይም አጥር ያዙ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውጡ። መደገፊያ ጋሪ ያላችሁ እጃችሁን ከጋሪው አትልቀቁ።

3. ጃንጥላ ዘርጉ ወይም ባርኔጣ አድርጉ። ለፀሐይ የምትይዙት ጃንጥላ ለዚህም ይሆናል። ጃንጥላ ከሌለ የገበያ ከረጢቱን ከራስ በላይ ከፍ ማድረግም ይረዳል።

4. ወፉን እዩት። ፊታችሁን ወደ እሱ እያዞራችሁ እለፉ፤ ነገር ግን ወደ ኋላ አትራመዱ፣ እንዳትሰናከሉ።

5. ድንጋይ አትወርውሩ፣ ዱላ አታወዛውዙ። ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ ማማ ላይ ወጥታችሁ በወንጭፍ እህል ጠብቃችኋል፤ ክንዳችሁ እንዳልረሳው አውቃለሁ። ቁራ ግን ፊት ይለያል። አሜሪካ ሲያትል ከተማ በ2006 የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭምብል አድርገው 7 ቁራዎች ያዙና ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጭምብል ያደረገ ሰው ባለፈ ቁጥር ቁራዎቹ ተሰብስበው ይጮኹበት ጀመር። ከዓመታት በኋላም አልረሱትም፤ ያልተያዙትም ከተያዙት ተምረው አብረው ይጮኹ ነበር። እናንተ ዛሬ የወረወራችሁትን ድንጋይ ወፉ ነገም ያስታውሰዋል።

6. መሬት ላይ ያለ ጫጩት አታንሡ። የተጣለ ይመስላል፣ ግን ወላጆቹ ከላይ አሉ። ለልጅ ልጆቻችሁ ይህን አስረዱ፤ ልጆች አዝነው ያነሡታል፣ ከዚያ ድብደባው ይመጣል። መኪና መንገድ ላይ ከሆነ ወይም ከቆሰለ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣንን በ*3639 ጠይቁ።

7. ለማዘጋጃ ቤቱ ሞኬድ፣ 106፣ ደውሉ። ቦታውን በትክክል ተናገሩ፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው መግቢያ፣ የትኛው ዛፍ። በዕብራይስጥ ማስረዳት ከከበዳችሁ ወደ እኛ ኑ፤ አብረን እንደውላለን።

ምግብ የሚፈልግ ወፍ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ፦

ውጭ ስትበሉ ጀርባችሁን ወደ ግድግዳ ወይም ከጥላ ሥር አድርጉ። ያልተሸፈነ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትነሡ። ሥጋና ዓሣ የያዘውን ከረጢት አፉን ቋጥሩ። ፍርፋሪ አትበትኑ። ከሁሉ በላይ፣ ወፉ ከያዘው ልቀቁለት። ለአንድ ቡሬካስ ብላችሁ አትታገሉ። ሌላ ይገዛል፤ ጣት ግን አይገዛም።

ከቆሰላችሁ

የራስ ቆዳ ትንሽ ሲጫር ብዙ ይደማል፤ ደሙን አይታችሁ አትደንግጡ። ቁጭ በሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጉ። ከዚያ ቁስሉን በውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡ። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ ለነርሷ አሳዩ፤ የቴታነስ ክትባት የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን እሷ ታያለች።

በሦስት ሁኔታ ግን አትጠብቁ።

አንደኛ፣ ዓይን ከተነካ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ። አካባቢያችን ያለው ካፕላን ነው።

ሁለተኛ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ለምሳሌ ኩማዲን፣ ወድቃችሁ ራሳችሁን ከመታችሁ፣ ደህና ነኝ ብትሉም በዚያው ቀን መመርመር አለባችሁ። ደም ከውስጥ ቀስ ብሎ ሊፈስ ይችላል፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

ሦስተኛ፣ ከወደቃችሁ በኋላ ራስ ምታት ከበረታ፣ ካስመለሳችሁ፣ ካዞራችሁ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላችሁ ወይም ንግግራችሁ ከተሳሰረ 101 ደውሉ።

በሞዓዶን የተነሡ ጥያቄዎች

"የእብድ ውሻ በሽታ አይይዘኝም?" አይይዝም። ያ በሽታ ጡት በሚያጠቡ እንስሳት፣ እንደ ውሻ፣ ቀበሮና ድመት ባሉት ነው የሚመጣው። ወፍ አያስተላልፈውም። ሞቶ የተገኘ ወፍ ግን በእጃችሁ አትንኩ። በ2021 ክረምት በሑላ ሸለቆ በወፍ ጉንፋን በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ሞተዋል። የሞተ ወፍ ስታዩ 106 ንገሩ።

"ሕፃን ይወስዳል ይባላል፣ እውነት ነው?" ጭላት ራሱ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። ጫጩት ይወስዳል፤ ልጅ ሊያነሣ ግን አቅም የለውም።

"ብንገድለውና ብንገላገልስ? ጎጆውን ብናፈርስስ?" ብሩስ በዘመኑ ተኩሷል። እዚህ አገር ግን በ1955 የወጣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አለ። ያለ ፈቃድ የዱር ወፍ መግደልም ሆነ ጎጆ ማፍረስ በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉን እንተወውና ኦሪት ራሱ በዘዳግም ምዕራፍ 22 ጫጩቶች ወይም እንቁላል ላይ የተቀመጠችን እናት ወፍ ከልጆቿ ጋር አትውሰድ ይላል። ይህን ከእኔ ይልቅ ቄሶቻችን ያስረዷችኋል።

"ምልክት ቢሆንስ?" ይህን የጠየቁኝ በጆሮዬ ነው፣ ጮክ ብለው አይደለም። ቁራና ጉጉት በአገራችን ምን እንደሚባልላቸው አውቃለሁ፤ እናቴም ትለዋለች። ማንንም ማሾፍ አልፈልግም። እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። ያ ቁራ በዚያ ሳምንት የመታው እኒያን እናት ብቻ አልነበረም። ጋሪ የሚገፋ ልጅ፣ ስልክ የሚያወራ ወጣት፣ በዚያ ዛፍ ሥር ያለፈውን ሁሉ መትቷል። የማንንም ወንድም አያውቅም። የሚያውቀው የራሱን ጫጩት ነው። ስለ ታመመ ሰው ስትጨነቁ ደግሞ፣ የሚሻለው ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። እኒያ እናት ፈርተው ሦስት ሳምንት አልደወሉም ነበር። አብረን ደወልን። ወንድማቸው ራሳቸው አነሡት፤ አሁንም ያማቸዋል፣ ግን ተጫወቱ።

ዋናው ጉዳት የቱ ነው?

የሪቫሃ ሥራ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ወፉ ያደረሰው ጉዳት ትንሽ ጭረት ነው፣ በሁለት ቀን ደርቋል። ሦስት ሳምንት ቤት መቀመጥ ግን እውነተኛ ጉዳት አደረሰ። በእርጅና ጊዜ የማይራመድ እግር ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ እግር ይወድቃል። ሰው የማያገኝ ሰው ምግብ ያስጠላዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ መድኃኒቱን ይረሳል። መጀመሪያ ላይ ውሸት የነበረው "ጉልበቴን አሞኛል" በሦስተኛው ሳምንት እውነት ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። አንድ ነገር አስፈርቷችሁ ከቤት መውጣት ካቆማችሁ፣ ወፍም ይሁን ውሻ፣ የአውቶቡስ ደረጃም ይሁን የጨለመ መንገድ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ ለእኛ። "ይስቁብኛል" አትበሉ። ልጆቻችሁ ደግሞ ይህን ስታነቡላቸው ይስሙ፦ እናታችሁ "አሞራ መታኝ" ካለች፣ አሞራ መትቷት ነው። አትሳቁ፣ አብራችኋት ውጡ።

እኒያን እናት ይዤ ቢሉ ሴንተር ሄድን። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዛፎቹ ራቅ ብለን ቆምን። ብዙም አልጠበቅንም። ከቁጥቋጦው ሥር አንድ ጫጩት ወጣ፤ ጭራው ገና አጭር ነው፣ አካሄዱ ይንገዳገዳል። ቁራዋ ከላይ ወርዳ አፉ ውስጥ አንድ ነገር ጨመረችለት። እኒያ እናት ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ "ይሄን ነው እንዴ ስጠብቅ የኖርሽው?" አሏት። ለቁራዋ ነው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው በሌላኛው መንገድ ዞረው ገቡ፤ ቲማቲም ገዛን።

ለሚቀጥለው ስብሰባችን አንድ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። በልጅነታችሁ የምታውቋቸውን አሞራዎች ስም፣ መልክና ጠባይ አስታውሳችሁ ኑ። እኔ እጽፋለሁ። ብዙዎቹ ወፎች እዚህና እዚያ የሚመላለሱ ናቸው፤ በየዓመቱ በመጸውና በፀደይ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ ይባላል፣ ከፊሎቹም ኢትዮጵያ ይከርማሉ። እናንተ ልጆች ሳላችሁ ሽመላ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ትጠይቁት እንደነበር ሰምቻለሁ። አሁን እኛ ከዚህ ሆነን ስለ ጎንደር ብንጠይቀው፣ ስሙን በትክክል መጥራት አለብኝና አስተምሩኝ።

በጤና ቆዩን። ጃንጥላችሁን አትርሱ።

የሰፈራችሁ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ